ለቤት ወርክሾፕ ኮምፕሬሰር የመረጥኩት በሰዓት ለክቼ ነው

ግቢያችን ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ለእንጨት ሥራ ከያዝኳት ወዲህ ኮምፕሬሰር የግድ ሆነብኝ። የወንበር ጨርቅ በስቴፕል ለመምታት፣ ቀጫጭን ሚስማር ለመትከል፣ አቧራ ለማራገፍ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቫርኒሽ በብሩሽ መቀባቱን ትቼ በስፕሬይ ለመርጨት ፈለግኩ።

ሰው ኮምፕሬሰር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱንና የታንኩን መጠን ነው። እኔ የጀመርኩት ከሌላው ጫፍ ነው፤ የምሠራባቸው መሣሪያዎች በደቂቃ ስንት ሊትር ንፋስ ይበላሉ? ስቴፕልና ሚስማር መምቻ እየመቱ ስለሚያርፉ ብዙ አይወስዱም። ለእነሱ ብቻ ቢሆን 24 ሊትር ታንክ ያለው ትንሹ ይበቃኝ ነበር። ስፕሬይ ጋን ግን ቃታው እስከተሳበ ድረስ ያለ ፋታ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩን ትቼ ጋኑን ቀድሜ መረጥኩ። ንፋስ ቆጣቢ የሚባለውን ዓይነት፣ አፍንጫው 1.3 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በ2 ባር (ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) 120 ሊትር በደቂቃ የሚጠይቅ አገኘሁ። ለመኪና ቀለም የሚሆኑት ብዙዎቹ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ጋኑን ቀድሞ መምረጥ የኮምፕሬሰሩን ወጪ እንዲህ ያቀላል፤ ይህን ለማንም እመክራለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩ የሚያደናግረው። ኮምፕሬሰሩ ላይ የሚለጠፈው ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው እንጂ በጎማው ጫፍ የሚወጣው አይደለም። ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ በሄደ ቁጥር የሚገባው ንፋስ ይቀንሳል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባህር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ያው ማሽን ጅቡቲ ወደብ ላይ ተነሥቶ ከሚሞላው ንፋስ እዚህ ሩብ ያህሉ ይጎድላል ማለት ነው። ይህን ጉድለት ካርቶኑ ላይ የሚጽፍልን የለም።

መፍትሔው መለካት ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ ሁለት አማራጮች መረጥኩና ሻጩን ልጅ «ወንድሜ፣ ሰክተህ አስነሣልኝ፣ ከ4 ባር ወደ 8 ባር እስኪደርስ ልይ» አልኩት። «ችግር የለም፣ ኦርጅናል ነው፣ ግን እየው» ብሎ አስነሣው። ሁለቱም 50 ሊትር ታንክ አላቸው። በ4 ባር የሚጨምር ግፊት ለ50 ሊትር ታንክ 200 ሊትር ንፋስ ነው (4 ሲባዛ በ50)፤ ያንን በፈጀው ደቂቃ ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው። ባለ 2 የፈረስ ጉልበቱ፣ ዘይት የሚጠጣው፣ «206 ሊትር» የተጻፈበት፣ በ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሞላ፤ 109 ሊትር በደቂቃ ገደማ ሆነ። ዘይት የማይፈልገው፣ ሁለት ባለ 750 ዋት ሞተር የተገጠመለት ደግሞ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወሰደ፤ ወደ 92 ሊትር መሆኑ ነው።

በቁጥር የመጀመሪያው ይበልጣል። እኔ ግን ሁለተኛውን ወሰድኩ። የመጀመሪያው ሞተር በደቂቃ ወደ 2,800 ዙር ስለሚሽከረከር አጠገቡ ቆሞ መነጋገር አይቻልም፤ የሁለተኛው 1,400 ገደማ ነው። አጥራችን ከጎረቤታችን ከእማማ መኝታ ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ እሳቸውን እየረበሹ መሥራት ለእኔ ሥራ አይደለም። በተጨማሪ የዘይት ብናኝ ከንፋሱ ጋር መጥቶ ቫርኒሽ ላይ ካረፈ ፊቱ ነጠብጣብ ያወጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ጎሚስታ ግን ይህን አልመክርም፤ ለእሱ በቺንጋ የሚዞረው፣ ዘይት ያለው ከባዱ ነው የሚበጀው።

92 ሊትር ለ120 ሊትር ጋን እንዴት ይበቃል? ጉድለቱን ታንኩ ይሸፍናል። ከ8 ባር እስከ 3 ባር ድረስ 250 ሊትር ስንቅ አለ፤ በደቂቃ የሚጎድለው 28 ሊትር ነው። የቁም ሳጥን በር ረጭቼ እስክጨርስ ግፊቱ ከ3 ባር በታች አይወርድም። ቀጣዩን በር እስካዘጋጅ ደግሞ ሞተሩ ሞልቶ ያርፋል።

ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ያየኋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ከማብሪያ ማጥፊያው በኩል አጭር «ፍስስ» መሰማት አለበት፤ ፒስተኑ ላይ የቀረው ግፊት የሚለቀቅበት ነው፣ ካልተለቀቀ ሞተሩ ዳግም ሲነሣ ያቃስታል። ድምፁ ካላቆመ ግን ታንኩ ላይ ያለው ቫልቭ ወደ ኋላ ያሾልካል። የሴፍቲ ቫልቩን ቀለበት ሳብ አድርጌ መተንፈሱን አየሁ። የሞተሩ ሽቦ መዳብ ይሁን አልሙኒየም ጠየቅኩ፤ የተቃጠለ ሞተር ለማስጠቅለል ስትሄዱ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ቤት ሲደርስ ትልቁ ጉዳይ መብራት ነበር። ሞተር ሲነሣ ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የኤሌክትሪክ ጅረት ይስባል፤ ማታ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ ይብስበታል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ከተሰካ ሞተሩ እያጉረመረመ ሳይነሣ ይቀርና ለማስነሻ የሚያግዘው ካፓሲተር ይቃጠላል። ስለዚህ ከብሬከሩ በቀጥታ በ2.5 ካሬ ሚሜ ሽቦ የራሱን ሶኬት አስዘረጋሁ። ራቅ ብዬ መሥራት ስፈልግ የማስረዝመው የንፋሱን ጎማ ነው፣ ገመዱን አይደለም።

ሥራ ስጨርስ የታንኩን ሆድ ሥር ያለችውን መክፈቻ ፈታ አደርጋለሁ። በክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ይፈሳል። ውስጡ ከቀረ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ በ8 ባር የተወጠረ የተበላ ታንክ ደግሞ ሰው የሚገድል ነገር ነው። ለዚሁ ውሃ ብዬ ከጋኑ በፊት ማጣሪያ ገጥሜያለሁ።

በንፋስ የሚሠራ የአሸዋ ወረቀት ማሽንም አምሮኝ ነበር፤ መመሪያው ላይ ከ300 ሊትር በላይ በደቂቃ ይላል። ስለዚህ ያንን ሥራ በኤሌክትሪኩ ማሽን ቀጥያለሁ።