«አይለቅም» የተባለው ቀይ ክር

አራት ወር የለፋሁበትን ጥልፍ ያበላሸሁት በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሳፋ ውሃ ነው። መርፌው አልከበደኝም፤ ቆጠራውም አላስቸገረኝም። ጉድ የሠራኝ እጥበቱ ነው። ያኔ አንድ ሰው «ቀይ ክር አትመን» ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

ታናሽ ወንድሜ የድሮ ቪዲዮ ጌም ነፍሱ ነው። ለልደቱ የሆነ ዕቃ ገዝቼ ከምሰጠው በእጄ ልሥራለት አልኩ። የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ማሪዮ፣ ጡቦቹ፣ የጥያቄ ምልክት ያለባት ሳጥን፣ ቁጥቋጦ፣ ደመና።

የድሮ ጌም ለመስቀለኛ ጥልፍ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ስዕሉ የፒክስል፣ ማለትም የጥቃቅን ባለ አንድ ቀለም ካሬዎች ጥርቅም ነው፤ አይዳ የሚባለው የጥልፍ ጨርቅ ደግሞ እኩል እኩል ቀዳዳ አለው። ለአንድ ፒክስል አንድ መስቀል፣ በቃ። ትንሹ ማሪዮ 12 በ16 ፒክስል ብቻ ነው። ጌሙ የሚሠራበት የኔንቲዶ ማሽን ለአንድ ምስል ከሦስት ቀለም በላይ ስለማይሰጥ ሦስት ክር ይበቃዋል፦ ቀይ፣ ቡናማና የቆዳ ቀለም። ኮፍያውና ጢሙ ራሱ የመጡት በቦታ ጥበት ነው። የማሪዮ ፈጣሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ ሰውዬውን ሲነድፈው ጸጉርና አፍ በዚያች ጥቂት ፒክስል አልወጣ ስላሉት ኮፍያ ደፋበት፣ ጢም አበቀለበት። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ግን ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ስዕል መሆናቸውን ነው። የሚለያቸው ቀለማቸው ብቻ ነው። ንድፉን አንዴ አውጥቼ ለሁለቱም ተጠቀምኩበት።

ስክሪንሹቱን ወደ ጥልፍ ንድፍ መቀየር ቀላል ነው፣ እንደኔ ካልተሞኙ። ምስሉን ሳሳድገው ፕሮግራሙ ጠርዙን አለሳልሶ አደበዘዘው። ንድፍ የሚያወጣው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ያንን አይቶ ለማሪዮ ብቻ 37 ዓይነት ክር ጠየቀኝ። ለባለ ሦስት ቀለም ሰውዬ! ምስሉን ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡት። ስታሳድጉት «ኒረስት ኔበር» የሚለውን ምረጡ፤ እሱ ጠርዝ አይነካም። ደግሞ ማሪዮ ጨርቅ ላይ ቀጠን ቢልባችሁ አትደንግጡ። የዚያ ማሽን ፒክስል ቴሌቪዥን ላይ ትንሽ ወደ ጎን የተለጠጠ ነበር፣ 8 ለ7 ያህል። የአይዳው ቀዳዳ ግን እኩል ነው። እኔ እንደከሳ ተውኩት።

ጨርቄ ባለ 14 ነበር፤ በአንድ ኢንች 14 መስቀል ማለት ነው። ንድፉ 150 በ90 ስለነበር ሲያልቅ 27 በ16 ሴንቲሜትር ገደማ ሆነ። ክሩ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው የሚመጣ ነው፤ ሁለት ሁለቱን እየመዘዙ መጥለፍ ነው። በየመስቀሉ ከላይ የሚያልፈው ክር ሁሌ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። የጥልፍ መመሪያ ሁሉ «ከጨርቁ መሃል ጀምሩ» ይላል። ለጌም ስዕል አልስማማም። ህዳጉን በማስመሪያ ለክታችሁ ከታችኛው ግራ ጥግ ጀምሩ፤ ወለሉ የሚደጋገም ጡብ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይቆጠራል። እኔ መመሪያውን ሰምቼ ከመሃል ጀምሬ፣ በአንድ ቀዳዳ ስቼ፣ ሁለት ረድፍ ጡብ ተርትሬያለሁ።

ሰማዩን አልጠለፍኩትም፤ ነጩን ጨርቅ እንዳለ ተውኩት። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ወደ ሳፋው እንምጣ።

ጥልፍ ሲያልቅ ይታጠባል። አራት ወር ሲነካካ የእጅ ወዝ ጠጥቷል፤ ጨርቁን የሚወጥረው ክብ እንጨትም ግራጫ ቀለበት አትሞበታል። የክሩ ወረቀት ላይ «ቀለም አይለቅም» የሚል ተጽፏል። በ95 ዲግሪ ይታጠባል የሚል ምልክትም አለው። 95 ዲግሪ የሚችል ክር ለብ ያለ ውሃ ምን ያደርገዋል? እንዲህ ብዬ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ፣ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረግሁበት፣ ጥልፉን አጠለቅሁት። አስር ደቂቃ ይበቃው ነበር። ስልክ ተደወለና ወሬ ያዝኩ።

ስመለስ አንድ ሰዓት ሙሉ አልፏል። ውሃው ሮዝ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከማሪዮ ኮፍያ ጫፍ እንደ ጭስ የቀጠነ ቀይ ነገር ወደ ነጩ ጨርቅ ይሳባል። ሆዴ ቡጭ አለ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የክሩ ነው እላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኔ ነው።

መጀመሪያ፣ ከውሃ ካወጣሁት ይቆማል ብዬ አወጣሁት። ስህተት። ውሃ ውስጥ እያለ ቀለሙ የሚሄድበት ነበረው፤ ሳወጣው ጨርቁ ላይ ቀረ። ቀጥዬ በፎጣ ጠቀለልኩት። ማሪዮ ተጣጥፎ ሰማዩ ላይ ተኛ፤ ስፈታው ደመናው አጠገብ ሁለተኛ፣ የደበዘዘ ማሪዮ ተወልዷል። ይህን አይቼ እንኳ ውሃ ውስጥ አልመለስኩትም። «ሲደርቅ ይጠፋል» አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ሲደርቅ ይጠፋል የሚለው? ጠዋት ደርቆ ሳገኘው ሮዙ እዚያው ነበር። መጨማደዱ አስጠልቶኝ ካውያ አግዬ ተኮስኩት። ሙቀት ቀለምን ጨርቅ ላይ ያጸናል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተስፋ ነበረው። ሬሳ ሳጥኑ ላይ ምስማር የመታሁት እኔው በእጄ ነኝ።

ለክሩ አምራች ጻፍኩ። ፎቶም አያያዝኩ፣ ሮዙን ሳፋ ጭምር። መልሱ ከወረቀቱ ላይ ተገልብጦ መጣ፦ ምርታችን ቀለም አይለቅም። ሳፋውን እያዩ! ደግሜ አልጻፍኩም፣ ግን እስካሁን ይበላኛል።

ከንዴቱ የወጣልኝ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ሙከራ ሳደርግ ነው። ከዚያው ቀይ ክር ትንንሽ ካሬዎች ጠለፍኩ። የመጀመሪያውን ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፤ ለቀቀ። ለሁለተኛው ክሩን ሳልጠልፍበት በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ውሃው እስኪጠራ ሰባት ጊዜ ቀያየርኩ፤ ከዚያ አድርቄ ጠለፍኩና አጠብኩት። ምንም። ሦስተኛውን ሆን ብዬ እንዲለቅ አደረግሁት፤ ነገር ግን እንዲደርቅ ሳልፈቅድለት የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ያዝኩት፣ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ አሳደርኩት፣ ውሃው በቀላ ቁጥር ለወጥኩት። ጠዋት ነጩ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ያ ቁራጭ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባየሁት ቁጥር እበግናለሁ። የወንድሜም ስጦታ እንዲህ ይድን ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱ የፈለገውን ይበል። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ከመጠለፉ በፊት ይነከር። ካልሆነም እርጥብ ነጭ ጨርቅ ክሩ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ነጩ ከቀላ ያ ክር ውሸታም ነው። ስታጥቡ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አጠገቡ ቁሙ፣ ስልክ አታንሱ። ከለቀቀ አታድርቁት፣ አትጠቅልሉት፣ አትሹት። ካውያ የመጨረሻ ነው፤ እሱም በጀርባው በኩል፣ ከስሩ ፎጣ አንጥፋችሁ።

ሮዙን በሰማያዊ ክር ልሸፍነው አስቤ ነበር። ያልጠለፍኩትን ሰማይ ብቆጥረው 9,400 መስቀል ሆነ። ልደቱ አምስት ቀን ቀርቶታል። ፍሬም አስገብቼ እንዳለ ሰጠሁት።

ወንድሜ ፍሬሙን ይዞ ብዙ ቆየ። ጡቦቹን በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ አያቸው፤ ልክ መሆናቸውን እያረጋገጠ እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ ጣቱ ደመናው ጋር ሲደርስ ቆመ።

«ጀንበር ስትጠልቅ ነው?»

«አዎ» አልኩት።

«በዚህ ደረጃ ላይ ጀንበር አትጠልቅም» አለኝ። ከዚያ ምስማርና መዶሻ ፍለጋ ሄደ።