ጌም የሚችል ኮምፒውተር ፍለጋ

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አዳማ ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ስናፈላልግ ዋልን። ልጁ የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞችን በኢሙሌተር (የኮንሶል ጌም ኮምፒውተር ላይ በሚያስኬድ ፕሮግራም) መጫወት አምሮታል። ሻጩ ሁሉ "አይ 7 ነው፣ ራሙ 16 ነው" ይላል፤ አይ 7 የተባለው ፕሮሰሰር ስንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዝም!

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ ፕሮሰሰሩ 300 ሜጋኸርዝ እንኳ የማይሞላ ኮንሶል ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። ኢሙሌተሩ ግን የኮንሶሉን ትእዛዝ ለኮምፒውተሩ እየተረጎመ ነው የሚያስኬደው። ስለዚህ ከኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስራ ከሚከፋፈሉት ክፍሎች) ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጥ ወሳኝ ነው። (ፕሌይስቴሽን 3 ሲሆን ኮሩም መብዛት አለበት፤ እሱን ለወንድሜ አልነገርኩትም።)

የፕሮሰሰሩ ስም በዩ (U) ፊደል የሚያልቀውን፣ ማለትም ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱ የተቀነሰውን፣ 4ኛ ጀነሬሽን አይ 7 ላፕቶፕ ትተን 10ኛ ጀነሬሽን አይ 5 ዴስክቶፕ ያዝን። ግራፊክስ ካርዱ ገና ነው። እማዬም ዋጋውን ገና አልሰማችም 😅