ካርቶኑ

ሞተሩን ካጠፋሁ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ከሽማግሌው የጭነት መኪናዬ ሆድ ሥር፣ ዘይት ካንጠባጠበ እንዲታይ፣ ንጹሕ ካርቶን አንጥፌ፣ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ እዚህ ተቀምጫለሁ። ሽታው ግን አልለቀቀኝም። የተቃጠለ የመሪ ዘይት አንድ ጊዜ ጥፍር ሥር ከገባ የሚወጣው በራሱ ፈቃድ ነው። ዛሬ ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ሰሞኑን ስለያዘኝ ዝምታ፣ ቤት ውስጥ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ስለሚያልፈው። ለመጻፍ ስቀመጥ የመጣልኝ ግን መሪው ነው።

የምታውቁኝ ታስታውሳላችሁ፤ ለዚህ የጭነት መኪና በ14 ወር ውስጥ 3 የመሪ ፓምፕ፣ ማለትም ዘይት እየገፋ መሪውን የሚያቀልለውን፣ ገጥሜያለሁ። ከእነዚህ በፊት የነበረው፣ ከመኪናው ጋር አብሮ የኖረው፣ በእርጅና ነው የሞተው፤ በእሱ ቅር አልተሰኘሁም። ስፈታው ዘይቱን እየጠረጉ የሚገፉት ስስ የብረት ክንፎች ጠርዛቸው ተበልቶ፣ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ደግሞ እንደ ታረሰ መሬት ተተልትሎ ነበር። አዲስ ገጠምን፤ መሪው በአንድ ጣት ዞረ። በ5ኛው ወር ማቃሰት ጀመረ። «ጋሼ፣ ፓምፑ ነው» አለኝ መካኒኩ ልጅ። እኔም ወዲያው ተስማማሁ፤ የሚያውቁትን በሽታ ማከም ደስ ይላል። ያ ወጣ፣ ሌላ ገባ። ሌላውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

አሁን ሳስበው አዲሶቹን የገደላቸው አሮጌው ነው። ከተበላው ብረት የረገፈው ዱቄት በቱቦዎቹና የመሪውን ዙር ለጎማዎቹ በሚያስተላልፈው የመሪ ሳጥን ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሳናጥብ በላዩ ላይ አዲስ ፓምፕ እንገጥማለን። የዘይት መያዣውን አውርጄ ወደ ብርሃን ሳዞረው ከታች ያለችው ወንፊት በጥቁር ጭቃ ተደፍናለች። ጣቴን አስገብቼ ሳወጣ ጫፉ ላይ አንድ ነገር ቀረ፤ ግራጫ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በሁለት ጣት ሲያሹት የላመ። ፓምፔ ነበር።

ሦስተኛውን ስገጥም ስለዚህ ሁሉንም አጠብሁ። የመመለሻውን ቱቦ ነቅዬ በባልዲ ላይ እያፈሰስኩ ዘይቱ ጠርቶ እስኪወርድ ጠበቅሁ። ፑሊውን፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ እንኳ በመዶሻ አልመታሁትም፤ በማስገቢያው በዝግታ ነው የገፋሁት። ቺንጋውን ወጠርኩ። እንዲህም ሆኖ በ3ኛው ወር ያ ድምፅ ተመለሰ።

ድምፁን ለማታውቁት፦ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ቀጭን ነው። መሪው መዞር ሲጀምር ይወፍርና ከሞተሩ ጋር አብሮ ከፍ ይላል፣ ሌሊት ከሩቅ እንደሚያላዝን ውሻ። ጉዞ ላይ ምንም የለም። ወደኋላ ልመለስ ወይም ጠባብ ቦታ ልዙር ስል ግን መሪው ድንጋይ ይሆናል፣ ይለቅቃል፣ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ቀዩ ዘይት ሮዝ አረፋ ሆኗል። ሞተሩን አጠፋሁ። ዘይቱ፣ ማንም ሳይጨምርበት፣ ወደ ላይ ወጣ። መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ዓይኔን ነው። ለካ ከዘይቱ ጋር ተጨምቆ ሲዞር የነበረው አየር ግፊቱ ሲለቅቀው እየተነፋ ነው።

የግፊት መለኪያ ተዋስኩ። በፓምፑና በመሪ ሳጥኑ መካከል ይገጠማል፤ መዝጊያውን ዘግቶ መርፌውን ማየት ነው፣ ከ5 ሴኮንድ በላይ ግን አይዘጋም፣ ፓምፑን ራሱን ይጎዳል። ዘጋሁ። መርፌው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን መድረስ ከሚገባው ደረሰ። ከፈትኩ። ፓምፑ ጤነኛ ነው። ያላጠፋ ልጅ የቀጣሁ ያህል አፈርኩ፤ ለዚያውም ለአራተኛ ጊዜ ልቀጣው ተዘጋጅቼ ነበር። የሚጮኸው እሱ ስለሆነ ብቻ።

ጥፋተኛዋ ከዘይት መያዣው ወደ ፓምፑ የምትወርደው አጭር የጎማ ቱቦ ናት። ስንዝር አትሞላም። በ14 ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ነቅዬ መልሼ ገጥሜያታለሁ፣ አንድም ቀን ግን አልጠረጠርኳትም፤ ዘይት አታንጠባጥብማ! እሷ ግን መሳቢያ ናት። ፓምፑ በእሷ በኩል ነው የሚጠጣው፤ ስለዚህ ስትሰነጠቅ ሞተሩ እየሠራ ዘይት አታወጣም፣ አየር ታስገባለች። ከውጭ ሲያይዋት ደረቅና ንጹሕ ናት። በእጄ ይዤ ቀጥ ሳደርጋት ምንም የለባትም። ጎበጥ ሳደርጋት ማሰሪያው ካረፈበት አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አንድ በአንድ አፋቸውን ከፈቱ። ቀጥ አደረግኋት፣ ዘጉ። ጎበጥ አደረግኋት፣ ከፈቱ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ለምን ያህል ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም።

ዛሬ በአዲስ ተተካች። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር 20 ጊዜ ያህል በዝግታ አዞርኩ፤ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር እየሞላሁ። አየሩ ጉድ፣ ጉድ እያለ ወጣ። ከዚያ በሞተር ደገምኩት።

ያን ሁሉ ሳዞር ነው ሐሳቡ የመጣው። ከመሪው ዘንግ መጨረሻ፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከጣት የምትቀጥን የብረት ዘንግ አለች። እጅ መሪውን ሲያዞርና ጎማው እምቢ ሲል እሷ በጥቂቱ ትጠመዘዛለች፤ የዘይቱን መንገድ የሚከፍተው ያ መጠምዘዝ ነው። ጎማው ካልተቃወመ አትጠመዘዝም፤ ካልተጠመዘዘች ዘይቱ አያግዝም። እርዳታው የሚመጣው በትግሉ ልክ ነው ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን?

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ በፒርስ-አሮው ኩባንያ የጭነት መኪና ክፍል ይሠራ ነበር፤ የከባድ መኪና ሾፌር ከመሪ ጋር ሲታገል እያየ ማለት ነው። በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪውን በ1926 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መኪና ላይ ገጥሞ አሳየ። ክራይዝለር ለገበያ ባቀረባት የቤት መኪና ላይ የወጣው ግን በ1951 ነው። 25 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ፣ ስንቱ ሾፌር በትከሻው ሲጎትት ኖረ። አባዬም አንዱ ነበር። የእሱ መኪና መሪ የዘይት እገዛ አልነበረውም። ክንዱን አስታውሳለሁ፤ ልጅ ሆኜ በሁለት እጄ አቅፌው ጣቶቼ አይገናኙም ነበር። ያን መኪና የሚያዞረው ያ ክንድ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ዛሬ መሪውን ይዤ ሳላብ ትዝ ያለኝ ግን ክንዱ አይደለም። «ጎማው ሳይንከባለል መሪ አትንካ» ይል ነበር። መኪናው ቆሞ መሪ ሲያዞር አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ መኪናውን በስንዝር ያህል ያንቀሳቅሰዋል፣ ከዚያ ያዞራል፤ ጎማው መሬቱን ፈጭቶ ሳይሆን ተራምዶ እንዲዞር። እኔስ? ቆሜ ነው የማዞረው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደግሞ አልለቅቅም፣ እዚያው አጥብቄ ይዤ ወደኋላ እመለሳለሁ። መሪው እዚያ ሲያዝ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ የግፊት ማስተንፈሻው ተከፍቶ እዚያው በዚያው እየተሽከረከረ ይፈላል። የፈላ ዘይት የቱቦ ጎማ ያደርቃል። የደረቀ ጎማ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ቱቦዋን ማን ሰነጠቃት?

እርጅና ነው ብዬ ልተወው እችላለሁ፤ አርጅታለችም። ግን 14 ወር ሙሉ ብረት ስከስስ፣ ልጁን ስከስስ፣ ፓምፑን የሠሩትን ሰዎች ስራገም፣ መሪውን የያዘው እጅ አንድም ቀን ከተጠርጣሪዎቹ መሐል አልነበረም። አባዬ የነገረኝን ረስቼው ነው ወይስ ያኔም አልሰማሁትም? ከጎኑ ተቀምጬ ክንዱን ሳይ ነበርና።

አንድ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። ካርቶኑን ወርጄ ማየት ነበረብኝ፤ ነጠብጣብ ካለበት ማሰሪያውን ላጠብቅ፣ ከሌለበት ልተኛ። ዋናው ጥፋተኛ የማያንጠባጥብ ነው ብዬ ከላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ደረቅ ካርቶን ምን ሊነግረኝ እንደሚችል አሁን ግራ ገብቶኛል። ይኼው በዚህ ዕድሜዬ ካርቶን ፈርቼ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። ስለ ዝምታው ደግሞ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም።