የእማዬ አፍንጫ የሆንኩባቸው ወራት

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ቡና ልትቆላ ስትቀመጥ ስልኬን መኝታ ቤት ትቼ አጠገቧ በርጩማ ሳብኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አቦሉን ፉት ብዬ እነሳ ነበር። «ምርቃቱ እኮ በረካው ላይ ነው» ትለኛለች። እኔ በር ላይ ጫማዬን እያሰርኩ «ነገ እቀመጣለሁ እማዬ» እላታለሁ። ቶናና በረካ ጊዜ የተረፈው ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ሁላችንም ደነገጥን። በየሱቁ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ተቀመጠ። ታክሲ ግማሽ ሰው እየጫነ እጥፍ ማስከፈል ጀመረ። የዚያን ዓመት ፋሲካ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥን ፊት ቆማ አስቀደሰች። ያኔ «ይሄ ነገር ይለፍልን እንጂ…» የማይል ሰው አልነበረም። ይለፍልን እንጂ ዘመድ እንጠይቃለን፣ ይለፍልን እንጂ አብረን ቁጭ እንላለን። ከዚያ ሳያልፍ ተላመድነው። ማስኩ አገጭ ላይ ወረደ።

እኛ ቤት የገባው ልክ በዓመቱ ነው፣ መጋቢት 2013። በቀን ከ2 ሺህ በላይ ሰው በቫይረሱ መያዙ የሚነገርበት ሰሞን ነበር። አልጋና ኦክስጅን ፍለጋ ሰው ከሆስፒታል ሆስፒታል ይንከራተታል። እማዬ ቤት ተኝታ እንድትታከም ተወሰነ። ጣት ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ገዛን። ሐኪሙ «ከ90 ከወረደ ሳትቆዪ ይዘሻት ነይ» አለኝ። ሌሊት ሌሊት በስልኬ መብራት ቁጥሩን አያለሁ። 92። 91። 93። 91። ስለዚያ ሰሞን ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ያን ጊዜ ነገ የሚባል ነገር አልታየኝም። የምታየኝ የምትቀጥለዋ ትንፋሿ ብቻ ነበረች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነሣች።

ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና ልትቆላ ተቀመጠች። ጭሱ ፊቷ ላይ ይጨሳል። እሷ ግን ግራ በተጋባ ዓይን አየችኝና «ልጄ፣ ይሸታል እንዴ?» አለችኝ።

ሐኪሙ አረጋጋን። ቫይረሱ በአብዛኛው የሚጎዳው የማሽተት ነርቮቹን ራሳቸውን ሳይሆን በዙሪያቸው ያሉትን ደጋፊ ሴሎች ነው፣ ለብዙ ሰው ቀስ ብሎ ይመለሳል አለን። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አራት ነገር እንድታሸት አዘዘ፤ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ። እያንዳንዱን ሃያ ሰከንድ ያህል። ዓይኗን ጨፍና ቅርንፉዱን አፍንጫዋ ሥር ስትይዝ አያታለሁ። የሆነ ሰው ስም ጠፍቶባት ለማስታወስ የምትታገል ትመስል ነበር።

ቀዳም ሥዑር ደረሰ። ቄጤማዋን ግንባሯ ላይ አስራ ድስቱን ጣደች። ዶሮ ወጥ በጾም ይሠራል፣ ግን አይቀመስም። ባለሙያዋ የምትተማመነው በአፍንጫዋ ነው። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው እንደዚያ ነው። አሁን ያ አፍንጫ የለም።

«እዚህ ቁጭ በይ» አለችኝ። «ሽንኩርቱ ምን ምን ይላል?»

«ሽንኩርት ሽንኩርት።»

«እሱማ ነው። ጥሬ ጥሬ ይላል ወይስ ጣፈጥ ብሏል?»

አላውቅም ነበር። ድስቱ ላይ ጎንበስ አልኩ። ዓይኔን አቃጠለኝ። «ጥሬ ጥሬ ይላል» አልኳት። ውሃ ጠብ አድርጋ ማማሰሏን ቀጠለች። ከቆይታ በኋላ መልሳ ጠየቀችኝ፣ መልሼ አሸተትኩ። ሲሰላ ጠረኑ ረገበና እንደ ማር ያለ ነገር መጣ። በርበሬው ሲገባ ሌላ ነገር ሆነ። በርበሬው መብሰሉንና ማረሩን የምትለየው በጣም ትንሽ ጊዜ ናት፤ ያቺን ጊዜ እንዳታመልጠኝ እስትንፋሴን ሰብስቤ ጠበቅሁ። ቅቤው፣ አሥራ ሁለቱ ብልት፣ መጨረሻ ላይ መከለሻው። ግማሽ ቀን ከዚያ ምድጃ ሥር አልተነሣሁም። ስልኬ የት እንዳለ እንኳ አላስታወስኩም። እዚህ ቤት ተወልጄ አድጌ፣ በየበዓሉ ያን ወጥ በልቼ፣ ቁሌት ይህን ሁሉ መልክ እንዳለው የማላውቅ ሰው ነበርኩ። እናቴ በዚህ ሁሉ ዓመት ምን ስታደርግ እንደኖረች ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሌሊት ጾም ስንፈታ ቀመስኩት። «ጨው ትንሽ አንሶታል» አልኳት።

«ጨው አይሸትማ» አለችና ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። አልቻልኩም፣ ጉርሻውን በእጄ እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ቢሮ ሳለሁ ደወለች። ጓሮ ያለውን ጤና አዳም በጣቷ አሽታ ነበር። «ሸተተኝ! ልጄ፣ ሸተተኝ!» ቀስ በቀስ ሌላውም ተመለሰ፤ ቡናው መጨረሻ ላይ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ነው። አፍንጫዋ ሲመለስ እኔ ሄድኩ። ሥራ በዛ፣ ስብሰባ መጣ። ዓመት ሳይሞላው አቦሉን ፉት ብዬ በር ላይ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። «ነገ እቀመጣለሁ» የሚለው ቃል ራሱ ተመልሶ አፌ ውስጥ ገባ። ያን ቁጥር ሌሊት ስቆጥር ያደርኩት እኔው ነኝ። በዚህ አዝናለሁ፣ አፍራለሁም። ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ዕቃ ስፈልግ ያችን የጣት መለኪያ አገኘኋት። ባትሪዋ አልቋል። ይዣት ብዙ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት ቡናው ምጣዱ ላይ ጠቆር ማለት ሲጀምር እማዬ ሳታየኝ «ደረሰ ወይ?» አለችኝ። ራሷ እንደሚሸታት አውቃለሁ። እሷም እንደማውቅ ታውቃለች።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አልኳትና ስኒዎቹን ማለቅለቅ ጀመርኩ።