ባዶ የቀረው መስመር

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ጂም የሴቶች አሰልጣኝ ነኝ። ባለፈው ክረምት ባለቤቱ ከስልኩ ላይ ያገኘውን ሰንጠረዥ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ወር አበባ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ከባድ ክብደት፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ቀላል ይላል። ሴቶቹም ፔሬዳቸው የመጣበትን ቀን ደብተር ላይ እንዲጽፉ አዘዘ። ደብተሩ ያለው መግቢያው ላይ፣ ወንዱም ሴቱም በሚያየው ጠረጴዛ ላይ ነው። ይሄ ብቻውን ደሜን አፈላው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወር አበባ ካለፈ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ይበዛል። ታዲያ ጡንቻውም አብሮ ይቀያየራል ተባለ። ሲለካ ግን እንደዚያ አልሆነም። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደት ካነሱ ሴቶች የጡንቻ ናሙና ወስደው አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበትን ፍጥነት በሁለቱም ወቅት ለኩ። ልዩነት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የ78 ጥናቶች ግምገማም፣ በመጀመሪያዎቹ የደም ቀናት አቅም ቢቀንስ እንኳ በጣም ጥቂት ነው ብሏል። ቁርጠት ያለባት፣ ደም የሚበዛባት ትቀንስ። ያላመማት ግን ምን በወጣት!

ደብተሩን ወደ ሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ አስገባሁት። ሳገላብጠው የአንዷ መስመር ባዶ ነው። ከሁሉም ጠንካራዋ ልጅ ናት፤ ማለዳ የቶሳን ተራራ በሩጫ ትወጣለች፣ ማታ መጥታ ስኳት፣ ማለትም ክብደት ተሸክማ ቁጭ ብድግ ትሠራለች። ጠየቅኳት።

«ውይ እህቴ፣ እሱማ ከበጋ ጀምሮ ትቶኛል። ተገላገልኩ!» አለችኝ እየሳቀች።

«ጠዋት ምን ትበያለሽ?»

«ሻይ።»

«ማታስ?»

«ያገኘሁትን። እንጀራ ግን ትቻለሁ፣ ያወፍራል።»

ሰውነት የሚገባለት ምግብ ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስ መቆጠብ ይጀምራል። አንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፣ ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ ፔሬድ ይቀራል። አጥንት ይሳሳል፤ ጡንቻም እንደሚገባው አይጠገንም። ያቺ ልጅ ክብደት እያነሳች ከውስጥ እየተጎዳች ነበር። ሰንጠረዡ ደግሞ እሷን የሚመለከት አንድም ቃል የለውም።

ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። እርግዝናም የታይሮይድ ችግርም አልተገኘባትም፤ ምግብ ጨምሪ፣ ሩጫ ቀንሺ ተባለች። እንጀራውን ለማስመለስ ብዙ ተጨቃጭቀናል። አሁን ጠዋት በሶ በጥብጣ ሳትጠጣ ከቤት አትወጣም።

ባለቤቱን ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት፤ ሰንጠረዡን አነሳ። ዛሬ አዲስ ሴት ስትመዘገብ ለብቻዋ አድርጌ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧና ስለ ሕመሟ እጠይቃታለሁ። ፔሬዷ ሦስት ወር ከቀረባት ክብደት ከማስነሳቴ በፊት ሐኪም ዘንድ እልካታለሁ።