ማሰሪያ አንቀጹን መጠበቅ

ታላቅ እህቴ የምትሠራው ጅዳ፣ ሰው ቤት ነው። የድምፅ መልእክት የምትልክልኝ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ፣ ከማድ ቤት ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለሆነ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ካልለጠፍሁ አይሰማኝም። ባለፈው ግንቦት አንድ ሌሊት በቴሌግራም የላከችልኝ መልእክት 1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ይረዝም ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን የመጀመሪያዎቹን 14 ሰከንዶች ብቻ ነው። «ወንድምዬ፣ ያን የላክሁትን 20 ሺህ ብር ምን ላይ እንዳዋልኸው ልጠይቅህ ፈልጌ…» ስትል አቆምሁት። የእማዬን ዓይን ለማሳከም ስንከራተት የከረምሁ ሰው እንደ ሌባ ሒሳብ ልጠየቅ ነው ብዬ ደሜ ፈላ፤ ማይክሮፎኑን ተጭኜም ለእህት ቀርቶ ለባዳ የማይባል ነገር ተናገርሁ።

ንዴቴ በረድ ሲል ቀሪውን ከፈትሁት። ቀጣዩ ቃል «ሳይሆን» የሚል ነበር። «ሳይሆን፣ ለእማዬ ካልበቃ ልጨምር ብዬ ነው።» መልእክቴን ለማጥፋት ብጣደፍም ዘግይቻለሁ፤ ካልተሰማ ድምፅ አጠገብ የምትታየው ትንሽ ነጥብ ጠፍታለች።

ተማሪ ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን፣ አንዳችን ጥያቄ ስንመልስ ካንጠለጠልነው፣ «ማሰሪያው የታለ?» ይሉን ነበር። በቋንቋችን ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ተናጋሪው ይስማማ ይቃወም፣ ይለምን ይክሰስ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ስለሆነ፣ ከመካከል የሚያቋርጥ ሰው መልስ የሚሰጠው ገና ላልተባለ ነገር ነው። ይህን ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ለጆሮዬም እንደሚያገለግል ግን እስከዚያች ሌሊት ድረስ አልገባኝም።

«ስትናደድ እስከ 10 ቁጠር» የሚለውን ምክር ሞክሬዋለሁ፤ እኔ ስናደድ 10 ላይ የምደርሰው በሁለት ትንፋሽ ነው። የእማዬ መንገድ ይሻላል። ከባድ ነገር በአቦል ከጠየቅናት መልሱን የምናገኘው በቶና ነው። ልጆች ሳለን ያልሰማችን እየመሰለን ጥያቄውን እንደግምላት ነበር፤ እሷ ግን ሲኒዎቹን አለቅልቃ ረከቦቱ ላይ እየደረደረች፣ ጀበናውን ውኃ ጨምራ መልሳ እየጣደች፣ ቶናው እስኪፈላ ድረስ ነገሩን ታብላላው ነበር። አንዳንዴም በበረካ ትመልሳለች፤ ያን ጊዜ መልሱ «አይሆንም» እንደሆነ እናውቃለን።

እትዬን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሁለት ሌሊት ዝም ካለች በኋላ ይቅር ብላኛለች። ትናንት ስትደውል ታናሻችንን ወደዚያው ስለማስመጣት አነሣችልኝ። የማልስማማበት ጉዳይ ነው፤ አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥሁና እስክትጨርስ ጠበቅኋት፤ ከጨረሰችም በኋላ ጥቂት ቆየሁ።

«ሃሎ? ሃሎ? ኔትወርኩ ተቋረጠ እንዴ?» አለች።

«አለሁ እትዬ፤ እያሰብሁ ነው።»

«አንተ?» ብላ፣ ማድ ቤት መሆኗን ረስታ፣ ከት ብላ ሳቀች።