የፍሪጁ በር ላይ ያልተለጠፈው ወረቀት

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አፓርታማ ነው። እናትየው ሰማንያን ያለፉ ናቸው፤ የጉበት ካንሰር፤ ሕክምናው ቆሞ ሆስፒስ፣ ማለትም ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰጥ የማስታገስና የማስመቸት እንክብካቤ፣ ከተጀመረላቸው ወር አልሞላም። ሆስፒስ ሲባል በሽተኛ የሚገባበት ሕንፃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለእኚህ እናት ግን የገዛ ቤታቸው ነበር፦ አልጋውና የኦክስጅን ማሽኑ መጣ፣ ነርሷ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቅ ትላለች፣ የቀረውን ሰዓት ቤተሰቡ ይሸፍናል። አቅም ሲኖር ደግሞ አስታማሚ ይቀጠራል። አስታማሚ ሞርፊን አይለካም፣ ኦክስጅኑን ከፍ ዝቅ አያደርግም። ሥራው ከንፈር ማርጠብ፣ ትራስ ማስተካከል፣ ጠያቂ ማስተናገድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚመጣውን ነገር ለቤተሰቡ ቀድሞ ማስረዳት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ትልቋ ልጅ ከዳላስ የሚመጣ ወንድሟን ልትቀበል ኤርፖርት ሄዳለች። አስታማሚዋም ፈረቃዋን ጨርሳ ወጥታለች። ሳሎኑ በጠያቂ ተሞልቷል። የእናትየው የወንድም ልጅ አክስቱን ሊስም መኝታ ቤት ገባ። ሁለት ሦስቴ በኃይል ይተነፍሳሉ፣ ትንፋሹ እያነሰ ይሄዳል፣ ከዚያ ጭራሽ ይቆማል። ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ ሰከንድ። እንደገና በረጅሙ ይስባሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆም ስልኩን አውጥቶ 911 ደወለ።

አምቡላንሱ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። ባለሙያዎቹ ገና ሲገቡ የጠየቁት ሞልስት የሚባለውን ቅጽ ነው። ትንሿ ልጅ ከመሳቢያ አውጥታ የሰጠቻቸው ሌላ ነበር፦ እናቷ በሁለት ምስክሮች ፊት የፈረሙት፣ ሕይወታቸው በመሣሪያ እንዳይራዘም የሚናገር ሰነድ። ሰነዱ ሕጋዊ ነው፣ ሆስፒታል ውስጥም ይሠራል። የአምቡላንስ ሰው ግን በእሱ መመራት አይችልም። እሱን የሚያስቆመው እንደ ሞልስት ያለ፣ ሐኪም ወይም ሌላ ሥልጣን ያለው ባለሙያ የፈረመበት ትእዛዝ ነው፤ ልብ ቢቆም ለማስነሣት ይሞከር ወይስ አይሞከር የሚለው ምርጫ የሞልስቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። ያ ወረቀት ካልታየ ግዴታው መሞከር ነው።

እዚያው እያሉ ትንፋሹ ቆመ፣ አልተመለሰም። ደረት የሚጫነው ጠንካራ ነገር ላይ ስለሆነ ከአልጋ አንሥተው ወለሉ ላይ አስተኟቸው። በዚያ ዕድሜ የጎድን አጥንት ሲሰበር ድምፁ ይሰማል፤ በር ላይ የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ትልቋ ልጅ በስልክ «ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከጋቢው ሥር፣ ሰማያዊው ማኅደር!» ብላ ከጮኸች በኋላ ቅጹ ተገኘ። «አይሞከር፣ ምርጫ ቢ» ይላል፦ ማስታገስና ማስመቸት ብቻ። ባለሙያዎቹ ወዲያው እጃቸውን አነሡ። ፖሊስም ተከትሎ መጥቶ ስለነበር ልጆቹ እናታቸውን አልጋቸው ላይ መልሰው ለማስተኛት ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው።

የወንድም ልጁ ምንም አላጠፋም። በር ላይ ሲጠይቅ የተነገረው «ትንሽ ደክሟቸው ነው» የሚል ነበር። ለደከመ ሰው ትንፋሹ ሲቆም አምቡላንስ ይጠራል፤ ሌላ ምን ይደረጋል? ቤተሰቡም መጨረሻቸው መቃረቡን የደበቀው በከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት የእናትየው ታናሽ እህት የደም ግፊት አለባቸው፤ ወሬው በስልክ እንዳይደርሳቸው ተፈርቶ ነው። እንዲህ ያለው አተነፋፈስ በመጨረሻ የሚጠበቅ መሆኑን የሆስፒስ ነርሷ ያስረዳችው ለሁለቱ ሴት ልጆች ነው። በኛ ሰው ቤት ግን የታመመ ሰው አጠገብ በቀን ሃያ ሰው ይቀመጣል፤ የመደወያ ስልክ ደግሞ በሁሉም ኪስ አለ።

ስለዚህ ዝግጅቱ በጠያቂው ልክ መሆን አለበት። ሁሉን ለሁሉ መንገር ግድ አይደለም። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ለሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚነገር አንድ አጭር ነገር ይበቃል፦ «ትንፋሻቸው እየቆመ ይቀጥላል፣ ነርሷ ታውቀዋለች። የሚያስደነግጥ ነገር ካየህ ለእኔ ንገረኝ፣ 911 ግን እንዳትደውል።» ሞት የሚል ቃል የለበትም፣ ውሸትም የለበትም። ይህን የሚናገር አንድ ሰው በየሰዓቱ ይመደባል፤ እሱ ከቤት ሲወጣ ተረኛው በስም ይታወቃል። ቅዳሜ ዕለት የጎደለው ይኸው ተረኛ ነበር።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ቅጂው እንደ ዋናው ይሠራልና አብዝቶ ማባዛት ነው። አንዱ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት፣ ሌላው ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ፣ ፎቶው በልጆቹ ሁሉ ስልክ። የሆስፒሱ የ24 ሰዓት ቁጥር «መጀመሪያ እዚህ» በሚል ስም ይመዝገብ፤ በድንጋጤ ሰዓት የድርጅት ስም የሚያስታውስ የለም። ሌሊት ከተደወለ ነርሷ እስክትደርስ አንድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችልም አስቀድሞ ይነገር፤ አለዚያ በመሀል ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው እንደገና 911 ይደውላል።

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከዚህም የሚመጣ ጣጣ አለ። አጥሚትና ሾርባ የሚያቀርብ ሰው «በረሃብ ልትገድሏቸው ነው ወይ?» ብሎ ልጆቹን ያስለቅሳል። መዋጥ ያቆመ ሰው አፍ ውስጥ የገባ አንድ ማንኪያ ሾርባ መንገዱ ወደ ሳንባ ነው፤ ረሃቡም በዚያ ሰዓት ሄዷል። ሰውየውን ከመከልከል ሥራ መስጠት ይሻላል፦ እንጨት ጫፍ ላይ ስፖንጅ ያለውን የአፍ መጥረጊያ ውኃ ነክሮ፣ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ጨምቆ፣ ድድና ምላስ ቀስ ብሎ ማርጠብ። ጠበልም በዚሁ ይሰጣል፣ ግንባር ላይም ይቀባል፤ በኩባያ ማጠጣት ግን የለም። ከንፈር ላይ ቫዝሊን አይቀባም፤ ኦክስጅን ባለበት ቅባት ለእሳት ያግዛል፣ ውኃማውን ዓይነት ነርሷን መጠየቅ ነው።

እሳት ካልን አይቀር፣ ጧፍ፣ ዕጣንና የቡና ከሰል ከዚያ ክፍል ይውጣ። ማሽኑ ቢጠፋም ኦክስጅኑ ጋቢና አንሶላ ውስጥ ሰርጎ ይቆያል፤ «ለጸሎት ብቻ አንድ አፍታ አጥፍተነው» የሚባለው አያዋጣም። ቡናው ሳሎን ይፈላ፣ ጧፉ ሌላ ክፍል ይበራ። ቀሳውስቱም ምክንያቱ ከተነገራቸው ቅር አይላቸውም።

ጉሮሮ ውስጥ የሚንገረገር ድምፅ ሲጀምር ሳሎኑ ሁሉ ይነሣል። ያልተዋጠ ምራቅ ነው፤ ከታማሚው ይልቅ የሚያስጨንቀው አዳማጩን ነው። በጎን ማስተኛት፣ ከጀርባ ትራስ መደገፍ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። ካልቀነሰ ምራቁን የሚያደርቅ ጠብታ ስላለ ለነርሷ ይደወላል።

ትንፋሹ ሲያበቃ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ሆስፒስ ይደወላል፣ ነርሷ መጥታ ታረጋግጣለች፣ የተረፈውን ሞርፊን ታስወግዳለች፤ አንዳንዷ የቡና አተላ ትጠይቃለች፣ መድኃኒቱን ከእሱ ጋር ቀላቅሎ ለመጣል ነው። ሰውነት ሳይደርቅ ዓይን ይከደናል፣ አገጭ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይደረጋል። የቀብር ድርጅቱ የሚጠራው ንስሐ አባት መጥተው፣ ልጆቹ ተሰናብተው ሲያበቁ ነው። ለቅሶው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ሰው የጎረቤቶቹን በር አንኳኩቶ ይንገር፤ የአፓርታማ ግድግዳ ስስ ነው፣ ጩኸት የሰማ ፈረንጅ ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም።

አዲስ አበባ ያሉት እህትስ? በዚያ ቅዳሜ አምቡላንሱ ገና በር ላይ ቆሞ ሳለ አንዲት ጠያቂ «ነፍስ ይማር» ብላ ፌስቡክ ላይ ለጥፋ ነበር። መርዶው ወግ ሳይደርሰው ቀረ። በበጋ በሜሪላንድና በአዲስ አበባ መካከል 7 ሰዓት አለ፤ እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን እዚያ ሊነጋጋ 11 ሰዓት ነው፣ መርዶ ነጋሪዎች ተሰባስበው በር የሚያንኳኩበት። ያ ሰዓት እስኪደርስ ስልክ የሚደወለው መርዶውን ለሚመሩት አንድ ዘመድ ብቻ ነው። ሳሎን ያለው ሰው ደግሞ «አዲስ አበባ ስላልተነገረ ማንም እንዳይለጥፍ» ተብሎ በግልጽ ይለመናል፤ ይህንንም የሚናገረው በር ላይ የቆመው ተረኛ ነው።